መብራቱ ለመንገዱ ነው ወይስ ለሰማዩ? (29 ምላሾች)

ስለ ሌሊት የውጭ መብራት የከፈትኩት የውይይት ክር በጣም ረዘመ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ የተመለሰውን ጥያቄ ደግመው እየጠየቁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጻፍኩትን እንዳለ አስቀምጬ፣ ከሥሩ የመጡትን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፍ፦

የምኖርበት ሕንፃ አጥር ላይ አንድ ፓውዛ አለ። ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ነው የተተከለው። ባለፈው ሳምንት ማታ ሰባቱን ከዋክብት ፈልጌ ሰማዩን አየሁ። የታየኝ ብዥ ያለ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ መዳፌን ዘርግቼ ፓውዛውን ከዐይኔ ከለልኩት። ጥቂት ደቂቃ ስቆይ ሦስት ኮከብ ለየሁ። ከዋክብቱ የትም አልሄዱም፤ አንድ አምፖል ነው የጋረደብኝ።

የውጭ መብራት አስገዳጅ ደንብ ሊወጣለት ይገባል እላለሁ። ምክር ብቻ አይበቃም። ፍሳሹን ወደ ጎረቤት ግቢ የሚለቅ ሰው ይጠየቃል። ሌሊት በድምፅ ማጉያ የሚረብሽም ይጠየቃል። ብርሃን ግን የትም ቢፈስ ሃይ ባይ የለውም።

በ2016 የወጣው የዓለም የሰማይ ድምቀት ካርታ እንደሚያሳየው፣ ከሦስት ሰው አንዱ ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም። ነገሩ ደግሞ እየባሰ ነው። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ከ2011 እስከ 2022 ተራ ሰዎች ከየአገሩ የላኩትን ከ50,000 በላይ ምልከታ መርምሮ፣ የሰማዩ ድምቀት በዓመት በአማካይ ወደ 10 በመቶ ሲጨምር አግኝቷል። አጥኚዎቹ በምሳሌ አስረድተውታል። 250 ኮከብ በሚታይበት ቦታ የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው፣ እዚያው ቦታ ቆሞ የሚያየው 100 ያህሉን ነው። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም። አሮጌ አምፖሎች በሙሉ በኤልኢዲ ቢቀየሩ ግማሹ ችግር ያልቃል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ምላሾቹ፦

1ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ልጄ ብለው ጀምረው፣ ሙከራህ ጥሩ ነው ግን ቸኩለሃል አሉኝ። ዐይን ጨለማን በደንብ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲቆይ ነው። የብሌን መስፋት ብቻውን አይበቃም። በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት ሴሎች ለብርሃን የሚነቃውን ንጥረ ነገር እንደገና እስኪያጠራቅሙ ጊዜ ይፈልጋሉ። መሐል ላይ ስልክ ካበራህ ልፋትህ ገደል ገባ። ምክራቸውን ሰምቼ በማግስቱ ከግድግዳው ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። አምስት ቆጠርኩ።

2ኛው እስማማለሁ ብሎ ያለፈ ነው።

3ኛው ግን አፌን አስያዘኝ። የውጭ መብራት የሚገጥም ኤሌክትሪሺያን ነው። በኤልኢዲ ይቀየር ማለቴ ከድጡ ወደ ማጡ እንደሆነ ነገረኝ። ሥራው ላይ የሚያየውን ነው የጻፈው። ሰው ኤልኢዲ ያስገባና ወጪው ሲቀንስለት፣ አንድ መብራት በነበረበት ሦስት ይጨምራል። ደግሞ አብዛኛው የሚመርጠው ነጣ ያለውን፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ነው፤ ደመቅ ያለ ስለሚመስለው። አምፖሉን ቀይሮ አቅጣጫውን ያልቀየረ ምንም አልሠራም አለ። እውነቱን ነው። እኔ ስለ ኃይል ቁጠባ ያነበብኩትን ከሰማዩ ጋር አምታትቼው ነበር። የመክፈቻውን የመጨረሻ አንቀጽ ግን አላጠፋሁትም፤ ሌላም ሰው እንደኔ ሊያስብ ስለሚችል እርማቱን አብሮ ያንብበው።

4ኛው ላይ መምህሩ ተመልሰው ኤሌክትሪሺያኑን ደገፉት። ቀን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ነገር ሌሊትም ይሠራል አሉ። የአየር ሞለኪውሎች አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን አብልጠው ይበትኑታል። ነጭ ኤልኢዲ ውስጥ ያለው 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ብርሃን፣ 589 ላይ ካለው የሶዲየም መብራት ቢጫ ጋር ሲነጻጸር ወደ 3 እጥፍ ይበተናል። ለዚህ ነው ደንብ የሚያወጡ አገሮች የብርሃኑን ቀለም በኬልቪን የሚገድቡት። አምፖሉ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ዝቅ ሲል ወደ ቢጫ። ብዙ ሰው ኬልቪንን ከድምቀት ጋር ያምታታዋል፤ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

5ኛው ተጠራጣሪ ነው። የሳተላይት መለኪያዎች በዓመት 10 በመቶ የሚባል ጭማሪ አያሳዩም፣ አንዳንድ ከተሞች እንዲያውም ደብዝዘዋል አለ። 6ኛው በጨዋነት አረመው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚጠቀሙበት የሳተላይት መሣሪያ ሰማያዊውን ብርሃን አያይም። ከተማው ከብጫማ ሶዲየም ወደ ነጭ ኤልኢዲ ሲቀየር ለሳተላይቱ የደበዘዘ ይመስለዋል፣ መሬት ላይ ለቆመ ሰው ግን ሰማዩ ይነጣል። በተጨማሪም ሳተላይቱ የሚያየው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣውን ነው። ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ጎን የሚፈሰውን በደንብ አይዘውም። ሰማዩን ከሩቅ ድረስ የሚያበላሸው ደግሞ ከአድማስ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ረጅም አየር አቋርጦ ስለሚያልፍ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተከባብረን ነበር። 7ኛው ላይ ነገሩ ከረረ።

የጻፈችው የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ሥራዋን ጨርሳ ብቻዋን በእግሯ ወደ ቤቷ የምትሄደው ገና ሳይነጋ ነው። እኔ ኮከብ ስቆጥር እሷ የጫማ ኮቴ ትቆጥራለች። ከኋላዋ የሚመጣው ኮቴ ሲፈጥን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጣት የሚያውቅ ሰው፣ መብራት ይቀነስ ብሎ አይጽፍም አለች። የሰማይ ውበት ቤቱ በሰላም ለገባ ሰው ነው ብላ ጨረሰች። ደጋግሜ አነበብኩት። ወዲያው ለመመለስ አልደፈርኩም።

8ኛው ስድብ ስለነበረበት ተሰርዟል። 9ኛው የሰደበውን ሰው ገሥጾ፣ እህታችን ያነሳችው የዚህ ክር ዋና ጥያቄ ነው አለ። ልክ ነው።

10ኛው እሷን ደግፎ ማስረጃ አመጣ። ኒውዮርክ ውስጥ በ2016 በተመረጡ የመንግሥት መኖሪያ ሰፈሮች ደማቅ ጊዜያዊ መብራቶች ተተክለው ነበር። መብራቱ የደረሳቸው በዕጣ የተለዩ ስለነበሩ ማወዳደር ተቻለ። ሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ቀነሰ። 11ኛው ሌላ ጥናት አምጥቶ ተከራከረ። በእንግሊዝና ዌልስ 62 የአካባቢ አስተዳደሮች መብራት ሲያጠፉ፣ ሲያደበዝዙ ወይም ወደ ነጭ ሲቀይሩ ምን እንደተከተለ የመረመረው የ2015 ጥናት፣ ወንጀልም ሆነ የመኪና አደጋ ለመጨመሩ ማስረጃ አላገኘም።

12ኛው የኔ ነው። ሁለቱም ጥናት እውነት ሊሆን ይችላል፣ የጠየቁት ጥያቄ ስለሚለያይ ብዬ ጻፍኩ። አንዱ አደገኛ በነበረ ቦታ መብራት ሲጨመር ምን ይሆናል አለ። ሌላው መብራት በነበረበት መንገድ ላይ ሲቀነስ ምን ይሆናል አለ። 13ኛው ላይ ነርሷ መልሳ ልክ ልኬን ነገረችኝ። በጥናቱ ውስጥ የተቆጠረው ወንጀል ነው እንጂ ፍርሃቷ አይደለም። መንገዱ ስለጨለመ ዙሪያ ጥምጥም የሄደችበት ሌሊት የትኛውም ሰንጠረዥ ላይ የለም። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም።

14ኛውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ኤሌክትሪሺያኑ ነው። ከጥናት ወጥቶ ወደ አንድ በር ወሰደን። አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃዎቹ ሌሊት ምንም አይታየንም ብለው አስጠሩት። ሲሄድ ከበሩ በላይ ትልቅ ነጭ ፓውዛ በሰው ዐይን ትክክል ወደ ውጭ ተደቅኗል። ከመንገዱ ሆኖ ወደ በሩ አየ፤ ነጭ ግድግዳ የመሰለ ብርሃን ብቻ። ከፓውዛው ጎን ያለው የአጥር ጥግ ድቅድቅ ነው። ረዳቱን እዚያ ጥግ አቆመው። ከአምስት እርምጃ ላይ ሆኖ ሊለየው አልቻለም። ልጁ እጁን ቢያወዛውዝም አልታየውም። ፓውዛውን ወደ መሬት አዘነበለው፣ ከላዩ በቆርቆሮ ከለለው፣ አምፖሉንም በግማሽ ኃይል ባለው ለወጠው። ረዳቱ እዚያው ጥግ ቆሞ ነበር። አሁን ፊቱ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ታየው። ዐይን የሚወጋ ብርሃን ሲኖር ብሌናችን ይጠብባል፣ ብርሃኑ ራሱ ዐይናችን ውስጥ ተበትኖ ሌላውን ይሸፍናል። ብዙ መብራት ሁልጊዜ ብዙ ማየት አይደለም አለ።

ለኔ ክሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ጨለማ ይጠበቅ ብዬ ስከራከር፣ መከራከር የነበረብኝ ብርሃኑ የት ይውደቅ በሚለው ነበር። ነርሷ የምትሄድበት መንገድ ላይ ይውደቅ። ደንቡም ይህን ነው መጻፍ ያለበት።

15ኛው የት የት ደንብ እንዳለ ጠየቀ። መምህሩ በ16ኛው ዘረዘሩ፤ እኔ በአጭሩ ላስቀምጠው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ያለችው የፍላግስታፍ ከተማ በ1958 ለማስታወቂያ ሰማዩ ላይ የሚረጩ ኃይለኛ መብራቶችን ከለከለች። ፕሉቶ በ1930 የተገኘችው እዚያ ባለው በሎዌል ታዛቢ ጣቢያ ነው። የስፔኗ ላ ፓልማ ደሴት ከ1988 ጀምሮ የሰማይ ሕግ የሚባል አላት። ቼክ ሪፐብሊክ በ2002 በብሔራዊ ሕግ ውስጥ የብርሃን ብክለትን አካተተች። ስሎቬኒያ በ2007 ያወጣችው ከሁሉም ጠንከር ይላል። ከአግድም መስመር በላይ ምንም ብርሃን የማይለቁ መብራቶችን ትጠይቃለች። የከተሞችም የመብራት ፍጆታ በነዋሪ በዓመት 44.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚል ጣሪያ አለው። ፈረንሳይ ከ2013 ጀምሮ የሱቅ መስኮት መብራት ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ እንዲጠፋ አዝዛለች። በ2018 ደግሞ ለብዙ የውጭ መብራቶች የ3,000 ኬልቪን ጣሪያ አስቀመጠች።

17ኛው ይህ ሁሉ ወረቀት ነው አለ። የሚቆጣጠር ከሌለ ሱቁ እስኪነጋ ይበራል። ውሃ የሚያነሳ ነጥብ ነው። ቢሮ ሲዘጋ የሚወጣ ተቆጣጣሪ እኩለ ሌሊት ላይ ምን እንደሚሆን አያይም። ደንቡ ገና ከአስመጪውና ከግንባታ ፈቃዱ ይጀምር፣ ወደ ላይ የሚረጭ መብራት ገበያ ላይ ካልገባ ማንም ሌሊት አይዞርም የሚል ሐሳብ አመጣ። ከዚህ ክር ያገኘሁት ምርጥ ሐሳብ ይህ ነው።

18ኛው ተቆጣ። በገዛ ግቢዬ ውስጥ የማበራውን አምፖል የሚለካ ማን ነው አለ። 19ኛው ደግሞ እሳት ላይ ነዳጅ ጨመረ። ብርሃንህን አጥርህ ውስጥ ማቆየት ከቻልክ ማንም አይነካህም፣ የልጄ አልጋ ላይ የሚያርፈው ግን ያንተ ፓውዛ ነው አለው። ከዚያ ሁለቱ ስለ መጋረጃ ተጨቃጨቁ። ወፍራም መጋረጃ ይግዛ የሚለውን ክርክር አልወደድኩትም። ጢስ የገባበት ሰው መስኮት ይዝጋ እንደማለት ነው።

20ኛው ሐሳቤን እንደገና አስተካከለልኝ። በ2019 በአሜሪካዋ ቱሳን ከተማ ውስጥ ለ10 ሌሊት የመንገድ መብራቶቹን ኃይል እየቀያየሩ ከሳተላይት ለኩ። ከከተማዋ ወደ ላይ ከሚወጣው ብርሃን የመንገድ መብራቶቿ ድርሻ ከአንድ አምስተኛ በታች ሆነ። ሌላው ከመኪና ማቆሚያ፣ ከማስታወቂያ፣ ከሱቅ፣ ከሜዳ፣ ከሕንፃ ፊት የሚመጣ ነው። ሁላችንም የመንገድ ምሰሶ ላይ ስንጨቃጨቅ ትልቁ ድርሻ ሌላ ቦታ ነበር። ለነርሷ የሚያስፈልገው የመንገድ መብራት ይኑር፤ ሠራተኛው በሙሉ ወደ ቤቱ የገባበት ሕንፃ ፊቱን እስኪነጋ የሚያበራው ለማን ነው?

ከ21 እስከ 25 ያሉት ከመንገዱ ወጥተዋል፣ ግን አልተቆጣሁም። 21ኛው የእሳት ራት ለምን መብራት እንደምትዞር ጠየቀ። 22ኛው መለሰ። በ2024 በፈጣን ካሜራ ተቀርፆ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙ በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። ለሚሊዮን ዓመታት ብርሃን ያለው ከላይ ስለነበር ሰማዩን የሚለዩት በዚህ ነው። አምፖል አጠገብ ሲደርሱ ጀርባቸውን ለአምፖሉ ይሰጣሉ፣ ስለዚህ እየዞሩ ይቀራሉ። ወደ ብርሃኑ ስበት የላቸውም፤ ላይና ታች ነው የጠፋባቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ በረንዳ ላይ የምትዞር የእሳት ራት ሳይ መብራቱን አጠፋላታለሁ።

23ኛው ስለ ባሕር ኤሊ ጫጩቶች አነሳ። ከአሸዋው ሲወጡ ዝቅ ብሎ ወደሚያበራው አድማስ ይሄዳሉ፤ በተፈጥሮ እሱ ባሕሩ ነው፣ መብራት ባለበት ዳርቻ ግን መንገዱ ይሆናል። 24ኛው ስለ ስታርሊንክ ሳተላይቶች አማረረ። የመጀመሪያዎቹ 60 በግንቦት 2019 ሲላኩ እንደ ባቡር ተሰልፈው አይቷቸዋል። የራሱ ክር ይገባዋል ብዬ አለፍኩት። 25ኛው የስልክ ፎቶ ለጥፎ ሰማዩ ጥሩ ነው አለ። ካሜራው ብዙ ሰከንድ ብርሃን አጠራቅሞ ነው እንጂ ዐይን እንዲህ አያይም ብለው መምህሩ እዚያው በአጭሩ አስረዱት።

26ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ደንብ ሲወጣ አሮጌዎቹ መብራቶች ምን ይሆናሉ? ሁሉን በአንድ ቀን ቀይሩ ማለት ድሃውን መቅጣት ነው። እኔ የጊዜ ገደብ ይሰጥ ባይ ነኝ። ለአዲስ መብራት ወዲያውኑ፣ ለነባሩ ዓመታት። ማዘንበልና መከለል ግን ምንም ያህል ወጪ የለውም፣ እሱን ማዘግየት አያስፈልግም።

27ኛው የነርሷ ነው። መከለሉንና ማዘንበሉን እቀበላለሁ አለች። የመንገድ መብራት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይጥፋ የሚባለውን ግን አሁንም አልቀበልም፣ ማንም አያሳምነኝም። ሰው ሲያልፍ በሴንሰር የሚደምቅ መብራት ሲባልም ትፈራለች፤ ከሩቅ ማን እንደቆመ ማየት የምትፈልገው እሷ ከመድረሷ በፊት ነው። ይህን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ደንብ የሚያረቅ ሰው ካለ እንደሷ ያሉትን ጠርቶ ያነጋግር።

28ኛው ኤሌክትሪሺያኑን ጠየቀው። መሣሪያ የሌለው ሰው መብራቱ በትክክል መተከሉን በምን ያውቃል?

29ኛው መልሱ ነው። ከመብራቱ ራቅ ብለህ ቁም አለ። አምፖሉ ራሱ ዐይንህ ውስጥ ከገባ አልተከለለም። ያበራው መሬት ብቻ ከታየህ ጥሩ ነው። ይህ ክር ከተከፈተ ወዲህ፣ በቅርቡ የገጠማቸውን ሰባት መብራቶች ማታ ዞሮ አያቸው። ሁለቱ ዐይኑን ወጉት። በማግስቱ መሰላሉን ይዞ ሄዶ አዘነበላቸው።